የተጠማ ጀሶ አይጣበቅም፦ ስለ ሞዴል ባቡር አለቶች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሞዴል ባቡር ሠሪዎች የደረሱን ደብዳቤዎች በዚህ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በጎማ ፎርማ የወጣ የጀሶ አለት ከተራራው ጋር እንዴት ይያያዝ? አስቀድመን የስም ነገር እናጥራ። በውጭ አገር ሱቆች «ፕላስተር» ተብሎ የሚሸጠው እኛ ጀሶ የምንለው ዱቄት ነው። እዚህ ጀሶ ስንል ዱቄቱን ነው፤ ፕላስተር ስንል ደግሞ እንደ ልማዳችን የሚለጠፈውን ጥቅል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በ1:87 ልኬት ነው። ተራራውን ሮዝ የፎም ሰሌዳ ደራርቤ ቀረጽኩት። በጎማ ፎርማ 12 አለቶች አውጥቼ አንድ ሳምንት አደረቅኋቸው። ከዚያ ትኩስ ጀሶ በጥብጬ ከጀርባቸው ቀባሁና ለጠፍኳቸው። በማግስቱ 5ቱ ወለል ላይ ተገኙ። ከጀርባቸው የነበረው ጀሶ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። የገዛሁት ጀሶ አሮጌ ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጀሶው ጤነኛ ነው፤ አለቶቹስ ከዚያው ከረጢት አይደል የወጡት? የጎደለው ውኃ ነው።

ጀሶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ስለጠጣ ነው። ዱቄቱ የሚገኘው ጂፕሰም የሚባለው ድንጋይ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ተቃጥሎ፣ በውስጡ ከያዘው ውኃ ሦስት አራተኛው ሲወጣለት ነው። ስንበጠብጠው ያንኑ ውኃ መልሶ ይወስድና መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ይሠራል። ጥንካሬው የእነዚህ መርፌዎች እርስ በርስ መጠላለፍ ነው። አንድ ሳምንት የደረቀ አለት ግን እንደ ስፖንጅ ነው። ከጀርባው የተቀባውን ስስ ሊጥ፣ መርፌዎቹ ገና ሳይጠላለፉ ውኃውን መጦ ይጨርስበታል። የተረፈው ያልጠጣ ዱቄት ነው፤ እርስዎም በጣትዎ ያገኙት እሱን ነው።

በዓይን ለማየት አንድ ጠብታ ውኃ ከአለቱ ጀርባ ላይ ያሳርፉ። ጠብታዋ ወዲያው ከጠፋች አለቱ ተጠምቷል። እንዲህ ባለበት ሁኔታ በጀሶ አይለጥፉት።

መድኃኒቱ ማጠጣት ነው። አለቱን ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይንከሩት። አረፋ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ አረፋው እስኪቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። አውጥተው ከላዩ የሚያብረቀርቀው ውኃ እስኪጠፋ ብቻ ይጠብቁ። የረጠበ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን፤ በገጹ ላይ የቆመ ውኃ ካለ ሊጡ ይቀጥንና ይንሸራተታል።

በፎሙ በኩል ያለው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ፎም አይጠጣም፤ ልሙጥ ስለሆነም ጀሶ የሚጨብጠው ነገር የለውም። ገጹን በሽቦ ብሩሽ ወይም በመጋዝ ጥርስ በደንብ ይቧጥጡት። ከዚያ በእርሳስ ወይም በካቻቢቴ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው ቀዳዳዎች በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ይብሱ። ቀዳዳው ወደ ታች ሰያፍ ይሁን፤ ውስጡ ገብቶ የጠነከረው ጀሶ እንደ መንጠቆ ይይዛል። ከዚህም የሚሻል አለ፤ ፎሙን አስቀድሞ በሁለት ድርብ የጀሶ ፋሻ ማልበስ። ስብራት ለማሰር ከፋርማሲ የሚገዛው ዓይነት ፋሻ ይሆናል። ፋሻው ሻካራ ስለሆነ ይጨብጣል፤ ከደረቀ ግን እሱም ይጠማልና ከመለጠፍዎ በፊት ውኃ ይርጩበት።

ሊጡን በጥቂት በጥቂቱ ይበጥብጡ። ለአንድ ሁለት አለት ግማሽ ኩባያ ውኃ ላይ ከአንድ ኩባያ ትንሽ ከፍ ያለ ጀሶ ይበቃል። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውኃው ነው የሚገባው። ውኃው ወደ ዱቄቱ ከገባ እንደ መጥፎ ገንፎ ይጓጉላል። ነስንሰው አንድ ደቂቃ ይተዉት፤ እንዲሰምጥ። ከዚያ ቀስ ብለው ያማስሉ፤ ከመቱት አየር ይገባዋል። ኩባያው ንጹሕ ይሁን፤ ከበፊቱ የቀረች የጠነከረች ጀሶ አዲሱን ከጊዜው በፊት ታስይዘዋለች። ውፍረቱ የወፍራም እርጎ ሲመስል ከአለቱ ጀርባ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይቀቡ። ስስ ቅብ ቶሎ ይጠማል። ጫን ብለው ትንሽ ያሽከርክሩት፤ ዙሪያውን ሊጡ ብቅ ሲል ያቁሙ። ሁለት የእንጨት ሹል ከታች ፎሙ ላይ ሰክተው ያስደግፉትና ለአንድ ሰዓት አይንኩት። የፀጉር ማድረቂያ የሚያበሩበት ሰዎች አሉ፤ ጀሶው ገና ሊጠጣው የነበረውን ውኃ ያባርሩበታል፤ ይህም ጉዳዩን ወደ ጀመርንበት ይመልሰዋል።

የወደቁትን 5ቱን እንደገና ከመለጠፍዎ በፊት ዱቄቱን ከሁለቱም በኩል በቢላዋና በጠንካራ ብሩሽ ጨርሰው ያራግፉ። በዱቄት ላይ የተለጠፈ ነገር ዱቄቱን እንጂ አለቱን አይዝም። ሳይወድቁ የቀሩትን 7ቱንም በጥፍርዎ አንኳኳ ያድርጓቸው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቀኑን እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምጠቀመው የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ነው። የደረቀ የጀሶ ድንጋይ በማስቲሽ ልለጥፍበት ስል ፎሙ ተበልቶ ጉድጓድ ሆነ። በሲሊኮን ብሠራውስ? ያለኝ ጀሶ ኮርኒስ ሠሪዎች የተረፋቸው ግማሽ ጆንያ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነጩም ሮዙም ፎም ከአንድ ዘር ናቸው፤ ፖሊስታይሪን። ማስቲሽን ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆየው ማሟሟያ ፖሊስታይሪንንም ያሟሟል። ቤንዚን፣ አሴቶንና በቆርቆሮ ታሽጎ የሚረጭ አብዛኛው ቀለም እንዲሁ ያደርጋሉ። ማንኛውንም ማጣበቂያ መጀመሪያ በቁራጭ ፎም ላይ ጠብ አድርገው ያሳድሩት። ጠዋት ጉድጓድ ካለ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሲሊኮን ፎሙን ሳይበላ ይይዛል። ጉዳቱ ከጠርዝ በወጣበት ቦታ ሁሉ ቀለም አለመቀበሉ ነው። ስለዚህ ከአለቱ መሃል ብቻ፣ ከጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይደረግ።

ለኪስም ለእጅም የሚቀለው የአናጢ ነጭ ኮላ ነው። እዚህም ያው ጥማት ይጠብቅዎታል፤ የደረቀ ጀሶ የኮላውን ውኃ መጥጦ ቆዳውን ብቻ ያስቀርልዎታል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይቀባል። መጀመሪያ 1 እጅ ኮላ በ3 እጅ ውኃ አቅጥነው ከአለቱ ጀርባ በብሩሽ ያጠጡትና ሩብ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ ያልቀጠነ ኮላ በመስመር በመስመር፣ በመካከሉ ክፍተት እየተዉ ያድርጉ። ክፍተቱ ያስፈልጋል። ፎሙ ውኃ አያሳልፍም፤ ኮላው የሚደርቀው በጀሶው በኩል ብቻ ነው። ገጹን ሙሉ ከቀቡት መሃሉ ለቀናት ወተት ሆኖ ይቆያል። በስቴኪኒ ወይም በረጅም ስፒል ወግተው ቢያንስ 24 ሰዓት ይተዉት።

በኮላ ማቅለጫ ጠመንጃ የሚቀልጠው ትኩስ ኮላስ? ለአስቸኳይ መደገፊያ ይሆናል። ሙቀቱ ግን ፎሙን ያሰምጠዋል፤ ጀሶ ላይም ከላይ ያለውን ብናኝ ይዞ ይላቀቃል። ተማምነው ከባድ አለት አያንጠልጥሉበት።

ስለ ጆንያው፦ ተከፍቶ የቆየ ጀሶ ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ይደክማል። ሦስት ማንኪያ በአንድ ማንኪያ ተኩል ውኃ ይበጥብጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞቅ ብሎ ካልጠነከረ፣ ወይም በማግስቱ በጥፍር ከተፋቀ፣ ጆንያው ለሌላ ሥራ ይዋል።

ጥያቄ፦ አለቱን ሳላደርቅ፣ ጀሶው በፎርማው ውስጥ እርጥብ እያለ ተራራው ላይ ጫን አድርጌ ልይዘው እሞክራለሁ። አንዴ ከታች ፈስሶ ሐዲዱን ሞላው፤ ሌላ ጊዜ ፎርማውን ስልጥ ድንጋዩም አብሮ መጣ። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጥሩ ዘዴ ነው የመረጡት። ተራራው ጎባጣ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም፤ አለቱ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይጠነክራልና ከሥሩ ክፍተት አይኖርም። ሁለቱም ጥፋቶችዎ የሰዓት ናቸው፤ መጀመሪያ ፈጥነዋል፣ በኋላ ዘግይተዋል። በመካከል ያለው ዕድል አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ዓይንዎን ከፎርማው አይንቀሉ።

ፎርማውን አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና በገባበት ውኃ ያርጥቡና ሊጡን ይሙሉት። ለዚህ 2 ኩባያ ጀሶ በ1 ኩባያ ውኃ ነው። ጀሶው እስኪወፍር ድረስ ተራራውን በደንብ በውኃ ያርጥቡት። ሐዲዱን አስቀድመው በወረቀት ፕላስተር ሸፍነውት ይሁን። አሁን የፎርማውን አንድ ጥግ በጣትዎ ቀስ አድርገው ያጥፉት። ሊጡ ወደ ጥግ ከፈሰሰ ይጠብቁ። ሳይፈስ ገጹ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሳየዎት ጊዜው ነው፤ አንሥተው ይጫኑት። ስንጥቆቹ ሰፍተው ቁርጥራጭ ከተነሣ ግን ጀርባው አልፎበታል፤ አይዝም። እሱን በፎርማው ውስጥ ጨርሶ እንዲጠነክር ይተዉትና በኋላ እንደ ደረቅ አለት ይለጥፉት።

ከጫኑት በኋላ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይያዙ። ትንሽ መንቀጥቀጥ የተጀመሩትን መርፌዎች ይበጥሳል። ቶሎ አይላጡ፤ ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ሙቀቱ በጎማው በኩል መዳፍዎ ላይ ይመጣል። ሞቆ መብረድ ሲጀምር ነው መላጫው። ከላይኛው ጥግ ይጀምሩና ጎማውን ወደ ራሱ እያጠፉ፣ ከገጹ ጋር አስጠግተው ይሳቡ። ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ከጎተቱት ድንጋዩን ይዞት ይመጣል።

ከጠርዙ የወጣው ሊጥ እርጥብ አይብ በሚመስልበት ሰዓት በቢላዋ ጫፍ ይቀረጻል። በማግስቱ ግን ሞገደኛ ነው።

ጥያቄ፦ አለቶቹን በነጭ ኮላ ለጠፍኩና በጥቁር ቀለም ውኃ አጠብኳቸው። መጋጠሚያው ሁሉ ነጭ ሆኖ ቀረ። አንዱ ድንጋይም ተንቀሳቀሰ። (ከአትላንታ)

መልስ፦ ነጩ የደረቀ ኮላ ነው፤ ጀሶውን ስለዘጋው ቀለም አይጠጣም። ኮላ ከጠርዝ ሲወጣ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ መጋጠሚያውንም በኮላ ሳይሆን በጀሶ መሙላት ነበር። አሁን ያለው ምርጫ ከላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል በስለት ፍቆ አዲስ ጀሶ ማድረግ፣ ካልሆነም ከሥሩ የማያሳይ ግራጫ አክሪሊክ ቀለም ቀብቶ በዚያ ላይ ማጠብ ነው። ቦታው ትንሽ ከሆነ ቁጥቋጦ ወይም የተንከባለለ ጠጠር ይሸፍነዋል። ተፈጥሮም ስንጥቅን በሣር ነው የምትሸፍነው።

ድንጋዩ የተንቀሳቀሰው በአልኮል የተበረዘ ቀለም ተጠቅመው ከሆነ አይግረምዎ፤ አልኮል የደረቀ ነጭ ኮላን ያለሰልሳል። በኮላ የተለጠፈ አለት በውኃ በተበረዘ ቀለም ይታጠብ። 1 እጅ አክሪሊክ በ15 ወይም 20 እጅ ውኃ ይበቃል። አንድ ወጥ ጥቁር ብቻ ከማፍሰስ፣ መጀመሪያ ከገጹ ሲሶ ያህሉን እንደ ነብር ነጠብጣብ በቢጫ አፈር ቀለም፣ ሌላውን ሲሶ በቡናማ ነካ ነካ ያድርጉ። ያልተነካውን ግራጫ ያጠጡት፤ መጨረሻ ላይ በጣም የቀጠነ ጥቁር በሁሉም ላይ ያፍስሱ። ጥቁሩ በስንጥቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ የቀሩት እርስ በርስ ይዋሃዳሉ። እርጥብ ሳለ ጨለመ ብለው አይደንግጡ። ሲደርቅ ብዙ ይፈዛል፤ ድጋሚ ለመጨመር እስከ ነገ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የአዋሽ ድልድይን ገደል በ1:87 እየሠራሁ ነው፤ ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር። ግድግዳው ላይ 20 አለቶች ደረደርኩ፤ ከሩቅ ግን ሴራሚክ የተነጠፈበት የመታጠቢያ ቤት ይመስላል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የሐዲድ ምርጫዎ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ነውና 12 የቅርቡ ነው። በዚሁ ስሌት 10 ሜትር ገደል 115 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ሴራሚክ ያስመሰለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የፎርማው ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው። ጠርዙን በመጋዝ አይቁረጡ፤ አለቱን በጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስደግፈው በእጅ ይስበሩት። የተሰበረ ጀሶ የተሰበረ ድንጋይ ይመስላል፤ የተቆረጠ ጀሶ ግን ምንም ቢቀቡት የተቆረጠ ጀሶ ነው። ሁለተኛው ስንጥቆቹ በየድንጋዩ በየራሳቸው አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። የእሳተ ገሞራ ፍሰት ተደራርቦ የተኛበት ገደል ንብርብሩ ከጫፍ ጫፍ ይቀጥላል። ከመለጠፍዎ በፊት ግድግዳው ላይ በውኃ ልክ አግድም መስመሮች በእርሳስ ያስምሩና የእያንዳንዱን አለት ዋና ስንጥቅ ከመስመሩ ጋር ያገናኙ። ያንኑ ፎርማ ደጋግመው ከተጠቀሙ አንዱን ገልብጠው፣ ሌላውን ግማሹን ብቻ ይለጥፉ፤ ንብርብሩ ግን አግድም እንደሆነ ይቆይ።

ሦስተኛው መጋጠሚያው ነው። ሁለት አለቶች የሚገናኙበት ቦታ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥልቅ ስንጥቅ እንዲመስል ያድርጉት እንጂ በስቱኮ አይለስኑት። የለሰለሰ መጋጠሚያ ከሩቅ ይጮኻል። መሙላት ካለብዎት ሁለቱንም ጠርዝ በውኃ ያርጥቡ፣ ወፈር ያለ ጀሶ ይጠቅጥቁ፣ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መያዝ ሲጀምር የጎረቤቱን ስንጥቅ በቢላዋ ጫፍ እያሻገሩ ይጫሩት። አዲሱ ጀሶ ከአሮጌው የተለየ ቀለም ስለሚጠጣ፣ ከማቅለምዎ በፊት ግድግዳውን በሙሉ አንድ ጊዜ በውኃ ይርጩ።

አንዱም አለት ሳይለጠፍ የሚሠራ ነገር አለ። ወደ ሐዲዱ የሚጠጉትን በወረቀት ፕላስተር ጊዜያዊ አስይዘው ካለዎት ሁሉ ረጅሙን ፉርጎና ትልቁን ሎኮሞቲቭ ቀስ አድርገው ያሳልፉ። በኩርባ ላይ የፉርጎው ወገብ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ስለዚህ በሁለቱም ጎን ይፈትሹ። የሚነካውን አሁን መስበር አንድ ደቂቃ ነው። ከተለጠፈ በኋላ በመሮ የሚፈነቀለው ጀሶ ሁሉ የሐዲድ መቀየሪያው ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሞዴሉ ከበደኝ፤ ቤት ስቀይር እንዴት ልሸከመው? የተረፈ ሊጥስ ገንዳ ውስጥ ቢታጠብ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ድፍን ጀሶ ደርቆም ቢሆን በሊትር ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክፍት ያድርጉት። ሊጡ በፎርማው ውስጥ መወፈር ሲጀምር በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ መሃሉ ላይ ይጫኑ፤ ጀሶው ከዳር ዳር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይቀራል። ስስነቱ የሚያሰጋዎት ከሆነ ከጀርባው አንድ ቁራጭ የሐኪም ፋሻ ሊጡ ውስጥ ያስምጡ። ወደ ፊት ያዘነበሉ ትልልቅ አለቶች ላይ ደግሞ ከጀርባ ሁለት የሽቦ ቀለበት በእርጥቡ ይቅበሩና፣ ሽቦ አሳልፈው ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ያጥብቁ። ያኔ ማጣበቂያው ብቻውን አይሸከምም።

ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጠቡት፤ ጀሶ ውኃ ውስጥም ይጠነክራል፤ ቧንቧዎ ውስጥም እንዲሁ። ኩባያው ላይ ያድርቁና ጨምቀው ፍርስራሹን ያራግፉት። እጅዎንም በባልዲ ታጥበው ውኃው ሲጠል ዝቃጩን ወደ ቆሻሻ ይጣሉት። ልጆች ካሉ ደግሞ እጃቸውን ወፍራም ጀሶ ውስጥ አስገብተው ቅርጽ እንዳያወጡ ይከልክሏቸው፤ ሲጠነክር የሚወጣው ሙቀት ቆዳ እስከ ማቃጠል ይደርሳል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እጁ በቀላሉ አይወጣም።